የማይለወጠው ለቁልፍ፣ የሚለወጠው ለሰው ይሁን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ክቡር ሆይ፤

ስለ መሥሪያ ቤቶቻችን የደብዳቤ አጻጻፍና ስለ ኮምፒዩተር ቁልፎች ያለኝን አሳብ ከዚህ በታች አቅርቤአለሁ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን በየቀኑ ከጽሕፈት ክፍሎቻችን የሚወጣውን ወረቀትና በየበራፉ ቆሞ የሚጠብቀውን ባለጉዳይ የሚነካ ስለ ሆነ፣ በአንባብያን ዐምድ ላይ ቦታ እንዲሰጡልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

አሳቤ ባጭሩ ይህ ነው። ከምንጽፈው ደብዳቤ ውስጥ ዛሬም ነገም የማይለወጠውን ቃል ኮምፒዩተሩ አንድ ጊዜ ተምሮ በአንድ ቁልፍ እንዲጽፍልን ማድረግ ይቻላል፤ ማድረግም ይገባናል። የሚለወጠውን ግን፣ ይኸውም የሰውን ስም፣ የገንዘቡን ልክ፣ ቀኑንና ቍጥሩን፣ ምንጊዜም ሰው በዐይኑ እያየ በእጁ ሊጽፈው ይገባል። አሁን በብዙ ቦታ የሚታየው አሠራር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። አንዳንዱ የማይለወጠውን ሲደጋግም ይውላል፤ ሌላው ደግሞ የሚለወጠውን ከትናንት ደብዳቤ ላይ ሳያየው ያሳልፈዋል።

በመጀመሪያ ሁላችንም የምናውቀውን የመንግሥት ደብዳቤ እንመልከት። ከላይ ቍጥርና ቀን አለ። ቀጥሎ ደብዳቤው የሚላክለት መሥሪያ ቤት ስም፣ ከእርሱም ሥር «ጉዳዩ፦» የሚለው መስመር ይመጣል። ከዚያ ዋናው ነገር ይጻፋል፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ከሦስት መስመር አይበልጥም። በመጨረሻ የልመናው ቃል፣ «ከሠላምታ ጋር»፣ የኃላፊው ስምና ማዕረግ፣ በግርጌም «ግልባጭ፦» ተብሎ የክፍሎቹ ዝርዝር ይሰፍራል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከአንዱ ደብዳቤ ወደ ሌላው በእውነት የሚለያየው ምን ያህል ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ጥቂት ቃላት ብቻ ሆነው እናገኛቸዋለን።

ለአብነት «ስለሆነም አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው በትሕትና እንጠይቃለን» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ልውሰድ። ይህን ያልጻፈ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ፊደላቱን ብንቈጥራቸው 36 ናቸው። አማርኛ እንደ ድምፁ በሚጻፍበት የኮምፒዩተር አሠራር ሳድሱ ፊደል በአንድ ምት ሲወጣ፣ ግዕዙም ካዕቡም ሣልሱም ሌላውም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምት ይፈልጋል። እንግዲህ ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ጣት ከ50 ጊዜ በላይ ቁልፍ ይመታል ማለት ነው። በቀን 20 ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ለዚህ ዐረፍተ ነገር ብቻ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይመታል። ይህ ድካም ለመንግሥትም፣ ለባለጉዳዩም፣ ለጸሓፊው ጣትም አንዳች ጥቅም የለውም።

አባቶቻችን ይህን ችግር በወረቀት ዘመን አውቀውት መፍትሔ አበጅተውለት ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ የኃላፊው ስምና ማዕረግ የተቀረጸበት ቲተር አለ። ማንም ሰው ያን ስም በየደብዳቤው ሥር በእጁ ሲጽፍ አይውልም፤ ቲተሩን ቀለም አስነክቶ ይመታል። የታተመ ቅጽም እንዲሁ ነው። የማይለወጠው ቃል አስቀድሞ ታትሞ፣ ለስምና ለቍጥር ባዶ መስመር ይተውለታል። እኔ በኮምፒዩተር ላይ ይደረግ የምለው ከዚህ የተለየ አይደለም። በቁልፍ ላይ የተቀመጠ ቲተር ነው ብንለው ነገሩ ለሁላችንም ይገባናል።

ይህን ዓይነቱን ነገር ባለሙያዎቹ «ማክሮ» ይሉታል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሆኖ «ረጅም» ወይም «ትልቅ» ማለት ነው፤ አንዱ አጭር ትእዛዝ በብዙ ረጅም ትእዛዝ ፈንታ ስለሚቆም ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ዓ.ም. የተሠራው «ኢማክስ» የሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከማክሮ ነው። እንግዲህ ግማሽ ምእተ ዓመት የሞላውን ዘዴ እኛ በጠረጴዛችን ላይ አስቀምጠን ሳንጠቀምበት መቅረታችን ያስቈጫል።

ወደ ተገላቢጦሹ አሠራር ልመለስ። ብዙ ጸሓፊዎች የመድገሙ ነገር ስለሚሰለቻቸው የራሳቸውን መፍትሔ አበጅተዋል። የትናንቱን ደብዳቤ ይከፍታሉ፤ ስሙንና ቀኑን ይለውጣሉ፤ በሌላ ስም ያስቀምጡታል፤ ያትሙታል። ይህ ፈጣን ይመስላል። ነገር ግን በዚህ አሠራር የማይለወጠውና የሚለወጠው ሳይለዩ አንድ ላይ ይጓዛሉ። ከላይ የተጻፈው ስም ሲለወጥ፣ በሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ ያለው የቀድሞው ሰው ስም ተረስቶ ይቀራል።

ውጤቱን በቅርብ ያየሁት ስለ ሆነ ልንገራችሁ። አንዲት ጎረቤታችን ለጡረታ ጉዳይ ሟች ባለቤታቸው ይሠሩበት ከነበረ አንድ መሥሪያ ቤት የአገልግሎት ማስረጃ ደብዳቤ ያጽፋሉ። ደብዳቤው ማኅተም ተመትቶበት፣ ተፈርሞበት፣ በፖስታ ታሽጎ ተሰጣቸው። የተቀበለው ክፍል ሲያነበው ከላይ የባለቤታቸው ስም አለ፤ ከታች ግን የማያውቁት ሰው ስምና የሌላ ሰው የአገልግሎት ዘመን ተጽፎበታል። ተቀባዩ አልቀበልም አለ፤ አልቀበልም ማለቱም ትክክል ነው። ወይዘሮዋ ወረቀቱን ይዘውልኝ መጥተው፣ «ልጄ፣ ይኼ ሁለተኛው ሰው ማን ነው? ከእኛ ቤት ምን አገናኘው?» አሉኝ። «እማማ፣ ከእርስዎ በፊት ደብዳቤ ያጻፈ ሰው ይሆናል» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም። ሊያስተካክሉ ሲመለሱ ጸሓፊዋ የዓመት ፈቃድ ወጥታለች፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። የአንድ ስም ስሕተት ለማረም ሦስት ሳምንት ፈጀ። የታክሲውን ገንዘብና የእግሩን ድካም አንባቢ ያስበው።

በዚህ ጸሓፊዋን ብቻ መውቀስ አይገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆኖ፣ የቸኰለችው ደግሞ በፊቷ የተሰለፈው ሰው በዝቶባት ነው። ጥፋቱ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። የአሮጌ ደብዳቤ ግልባጭ የሰው ስም ያለበት ቲተር ማለት ነው፤ የሰው ስም ያለበትን ቲተር በሌላ ሰው ወረቀት ላይ የሚመታ ማን ነው?

እንግዲህ መደረግ የሚገባውን በሦስት ከፍዬ እገልጻለሁ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ሰው እንኳ ብዙ ይጠቀማል።

አንደኛው፣ በማይክሮሶፍት ዎርድ ውስጥ «ኦቶኮሬክት» የሚባለው ነው። ይህ መሣሪያ የተሠራው የፊደል ግድፈት እንዲያርም ነው። በግራ በኩል ግድፈቱን፣ በቀኝ በኩል እርማቱን ጽፈው ያስቀምጡለታል፤ ግድፈቱ በተጻፈ ቍጥር እርሱ ያርመዋል። እኛ ግን በግድፈቱ ቦታ አሕጽሮት፣ በእርማቱ ቦታ ሙሉውን ቃል ልናስገባበት እንችላለን። ለምሳሌ «ከሰጋ» ብለን ጽፈን የባዶ ቦታውን ቁልፍ ስንመታ «ከሠላምታ ጋር» ብሎ ይተካዋል። የሚገኘውም «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ፕሩፊንግ» በሚለው ገብተን ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሕጽሮቱ በራሱ ትርጕም ያለው ቃል መሆን የለበትም። «ግንቦት»ን ለማሳጠር «ግን» የሚለውን የመረጠ ሰው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ግን» ባለ ቍጥር ግንቦት ይገባበታል።

ሁለተኛው፣ ብዙ መስመር ላለው አንቀጽ የሚሆን ነው። አንቀጹን አንድ ጊዜ በሚገባ አስተካክለን ከጻፍን በኋላ እንመርጠውና «አልት» የሚለውን ቁልፍ ከ«ኤፍ 3» ጋር አብረን እንጫናለን። ስም ስጡት ይለናል፤ አጭር ስም እንሰጠዋለን። ከዚያ በኋላ በማናቸውም ደብዳቤ ላይ ያን ስም ጽፈን «ኤፍ 3»ን ስንጫን አንቀጹ ከነአቀማመጡ ይወጣል። በአንዳንድ ላፕቶፕ ላይ «ኤፍ ኤን» የሚለውን ቁልፍ አብሮ መጫን ያሻል። በነጻ የሚገኘው ሊብሬኦፊስም ይህን የመሰለ አሠራር አለው። በዚህ አንቀጽ ውስጥ ስም በሚገባበት ቦታ የማንንም ስም አንተው። ሦስት የጥያቄ ምልክት ወይም ጎልቶ የሚታይ ባዶ መስመር እናድርግበት። ባዶ መስመር ተረስቶ ቢቀር ፈራሚው ወዲያው ያየዋል፤ የሌላ ሰው ስም ተረስቶ ሲቀር ግን ሙሉ ደብዳቤ ስለሚመስል ማንም አያየውም። የነገሩ ሁሉ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው፣ ራሱ ማክሮ የሚባለው ነው። ይህ የሚቀዳው ቃልን ብቻ አይደለም፤ ሥራንም ይቀዳል። «ቪው» ከሚለው ሥር «ማክሮስ»፣ ቀጥሎም «ሪኮርድ ማክሮ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ስም እንሰጠዋለን፤ «ኪቦርድ» የሚለውን ነክተን ሥራው የሚጠራበትን ቁልፍ እንወስናለን። ከዚያ ሥራውን አንድ ጊዜ እንሠራለን፤ ስንጨርስ «ስቶፕ ሪኮርዲንግ» እንላለን። ከዚያ ወዲያ ቁልፉን በተጫንን ቍጥር ኮምፒዩተሩ ያንኑ ሥራ በዚያው ቅደም ተከተል ይሠራል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በሚቀዳበት ጊዜ ጽሑፍን በማውዝ መምረጥ አይቻልም፤ በቀስት ቁልፎችና በ«ሺፍት» መምረጥ ይገባል። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው ይህን ባለማወቅ ነው።

ለምሳሌ የሚሆን አንድ ሥራ ልጥቀስ። ብዙዎቻችን የአራት ነጥብን ፈንታ የቃል መለያውን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ እንመታለን፤ ማለት «።» በሚገባበት ቦታ «፡፡» እናስቀምጣለን። ለዐይን ተመሳሳይ ይመስላል። ለኮምፒዩተሩ ግን አንዱ አንድ ምልክት፣ ሌላው ሁለት ምልክት ነው፤ ስለዚህም በመስመር መጨረሻ ላይ አንዳንዴ ተለያይቶ ግማሹ ወደ ታች ይወርዳል። «ኮንትሮል» እና «ኤች»ን ተጭኖ ሁለቱን በአንዱ መተካት ይቻላል። ይህን አንድ ጊዜ በማክሮ ቀድቶ ቁልፍ የሰጠው ሰው፣ ባለ 40 ገጽ ዘገባ በአንድ ምት ያጠራል።

ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ሹም ለሆኑት ባልደረቦቼ ደግሞ ኤክሴልም በዚሁ ዓይነት ይቀዳል። በእርሱ ላይ ግን ሦስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ፋይሉ ማክሮ ሊይዝ በሚችል ዓይነት ካልተቀመጠ የተቀዳው ሁሉ ይጠፋል። ደግሞ ካልታዘዘ በቀር ሥራውን የሚደግመው በተቀዳበት በዚያው ሣጥን ላይ ነው፤ ወደ ሌላ ረድፍ እንዲሄድ ሲፈለግ «ዩዝ ሬላቲቭ ሬፈረንስስ» የሚለውን አስቀድሞ መንካት ይገባል። ከሁሉም በላይ፣ ማክሮ ከሠራ በኋላ «አንዱ» ተብሎ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ደመወዝ መክፈያ ላይ ከመሞከር በፊት በግልባጩ ላይ መሞከር ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ጥንቃቄው ልለፍ፤ ጥቅሙን ብቻ ተናግሮ ጕዳቱን የሚደብቅ አሳብ ሰጪ እንዲያስተኝ አልፈልግም።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ፣ ሌላ ሥራ ያለውን ቁልፍ አለመንጠቅ ነው። «ኮንትሮል» እና «ሲ» መቅጃ ናቸው፤ «ኮንትሮል» እና «ኤስ» ማስቀመጫ ናቸው። እነዚህን ለሌላ ሥራ የሰጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲደነቅ ይውላል። ዎርድ ቁልፉ ተይዞ እንደ ሆነ ያስታውቃል፤ ያን ማስታወቂያ ማንበብ ይገባል።

ሁለተኛው፣ የይለፍ ቃልን በቁልፍ ላይ ማስቀመጥ ፈጽሞ ክልክል መሆን አለበት። ወንበራችን ላይ የተቀመጠ ሁሉ በአንድ ምት ያገኘዋልና።

ሦስተኛው፣ የፊርማ ነገር ነው። የኃላፊን ፊርማ በፎቶ አንሥቶ በቁልፍ ላይ ማኖር ዛሬ የሚቻል ነው። ቲተር ስም ነው፤ ፊርማ ግን ቃል ኪዳን ነው። ፈራሚው አንብቤዋለሁ፣ አምኜበታለሁ የሚልበት ምልክት ነው። በቁልፍ የሚመታ ፊርማ ያላነበበ ሰው ምስክርነት ስለ ሆነ፣ በማናቸውም ምክንያት መፈቀድ የለበትም።

አራተኛው፣ ከማያውቁት ሰው የመጣ ማክሮ ነው። ማክሮ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዝ ደግሞ ክፉም ሊሆን ይችላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በመጋቢት 1999 ዓ.ም. «ሜሊሳ» የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያመሰው በዎርድ ጽሑፍ ውስጥ በተደበቀ ማክሮ ነበር። ጽሑፉን የከፈተ ሰው ሳያውቀው በአድራሻ ደብተሩ ላይ ወዳሉት የመጀመሪያዎቹ 50 ሰዎች ይልከው ነበር። ማይክሮሶፍት ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት በመጣ ፋይል ውስጥ ያለ ማክሮ እንዲታገድ አድርጓል። ይህን እገዳ «ሥራ አስቸገረኝ» ብሎ የሚከፍት ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን በር ለሌባ ከመክፈት አይለይም። የራሳችንን እንቅዳ፤ የሌላውን ግን የኮምፒዩተር ክፍሉ ባለሙያ ሳያየው አንቀበል።

አምስተኛው ጥንቃቄ ከሁሉ የሚረሳው ነው። የማይለወጥ ያልነው ነገር አንድ ቀን ይለወጣል። የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር በወሰነው በአዋጅ ቍጥር 1263/2014 መሠረት የአንዳንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ስም ተለውጧል። ቀድሞ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ይባል የነበረው በዚያ ስሙ አይገኝም፤ የሥራ ጉዳይ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ደግሞ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄዷል። የቀድሞውን ስም በቁልፍ ላይ ያኖረና የረሳው ክፍል፣ ዛሬም በሌለ መሥሪያ ቤት ስም ሲልክ ይኖራል። ስለዚህ በየዓመቱ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ሲጀመር የቁልፎቹን ዝርዝር አውጥቶ መመርመር ይገባል።

የሚቃወሙኝ ሰዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። አንዳንዱ «ይህ ሠራተኛውን ሰነፍ ያደርጋል» ይላል። እኔ ግን በተቃራኒው አያለሁ። አንድን ዐረፍተ ነገር በቀን ሃያ ጊዜ መድገም ትጋት አይባልም፤ ትጋት የሚባለው የሰውን ስም ሁለት ጊዜ አንብቦ ማረጋገጥ ነው። የመጀመሪያው ድካም ሲቀነስ ለሁለተኛው ጊዜ ይገኛል። ሌላው ደግሞ «የጸሓፊውን እንጀራ ይነሣል» ይላል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚጠብቀውን ሰው ብዛት ያየ ይህን አይልም። ሥራው አላለቀም፤ ያለቀው የባለጉዳዩ ትዕግሥት ነው።

ከዚህ ይልቅ እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው። አንድ ብልህ ሠራተኛ ይህን ሁሉ ለራሱ ያበጃል፤ ለጎረቤቱ ግን አያሳይም። ሥራው ስለሚቀለው ይመሰገናል፤ ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ ግን ክፍሉ ባዶ ይቀራል። እነዚህ ነገሮች የሚቀመጡት በዚያው ኮምፒዩተር ላይ፣ በዚያው ተጠቃሚ ስም ሥር ስለ ሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ እንደ አዲስ ሲጫንም አብረው ይጠፋሉ። በመንግሥት ሥራ ጊዜ የተበጀ የመንግሥት ዘዴ የአንድ ሰው ምሥጢር ሊሆን አይገባውም። እንደ መዝገብ ቤቱ መዝገብ የክፍሉ ንብረት መሆን አለበት።

ከዚህ ጋር የአጻጻፍ አንድነት ይገኛል። በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ «ሠላምታ»፣ ሌላው «ሰላምታ» ብሎ ይጽፋል፤ አንዱ «ጽሕፈት»፣ ሌላው «ፅህፈት» ይላል። ኮምፒዩተር ሀን፣ ሐን እና ኀን ሦስት የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚቈጥራቸው። የግዕዝ ፊደል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቍጥር ተሰጥቶታል። ስለዚህ በአንዱ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲፈለግ የለም ይባላል፤ ሰውየውም «ፋይልዎ ጠፍቷል» ተብሎ ይመለሳል። የክፍሉ ሰዎች ተስማምተው በቁልፍ ያስቀመጡት ቃል ግን ሁልጊዜ በአንድ ፊደል ይወጣል። የሰው ስም ሲሆን ደግሞ መታወቂያው ላይ እንደ ተጻፈ፣ ፊደል በፊደል፣ በእጅ ይጻፍ።

አንድ ነገር ልጨምር። የማይለወጡትን ዐረፍተ ነገሮች ለመሰብሰብ ስንቀመጥ፣ ብዙዎቹ ፈጽሞ የማያስፈልጉ መሆናቸው ይታየናል። «ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደ ተሞከረው» የሚለው ሐረግ ርእሱን ላነበበ ሰው ምን ይጨምርለታል? በየትኛውም ደብዳቤ ላይ ሊገባ የሚችል ቃል በየትኛውም ደብዳቤ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አንድን ዐረፍተ ነገር በቁልፍ ከማስቀመጣችን በፊት ባይኖርስ ምን ይጐድላል ብለን እንጠይቅ። ምንም የማይጐድል ከሆነ ቁልፍም አይገባውም። አለዚያ ኮምፒዩተሩን ገለባ በፍጥነት እንዲያመርት እናስተምረዋለን።

በዚህ መሠረት ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና ለሥራ ባልደረቦቼ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ. እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ሳምንት ውስጥ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች አውጥቶ በየደብዳቤው የሚደጋገሙትን ዐሥር ዐረፍተ ነገሮች ይለይ። የማያስፈልጉትን ይጣል፤ የቀሩትን ፊደላቸውን አርሞ ኃላፊው ያጽድቃቸው።

2ኛ. የጸደቁት ለሁሉም ሠራተኛ በአንድ ዓይነት አሕጽሮት በየኮምፒዩተሩ ይግቡ፤ ዝርዝሩም በወረቀት ታትሞ በየጠረጴዛው ይቀመጥ፤ አንድ ግልባጭ መዝገብ ቤት ይኑር።

3ኛ. የአሮጌ ደብዳቤን ከፍቶ ስም እየለወጡ መጻፍ ይቅር። ስም፣ ገንዘብ፣ ቀንና ቍጥር በሚገባበት ቦታ ሁሉ ባዶ ምልክት ያለበት ናሙና ይዘጋጅ።

4ኛ. አዲስ ኮምፒዩተር ሲገዛ ግዢው ብቻ አይበቃም፤ የግማሽ ቀን ትምህርት አብሮ ይታሰብ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና፣ ያለውን መሣሪያ ሳናውቅ ሌላ ማምጣት ገንዘብ ማባከን ነው።

5ኛ. ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት ባለጉዳዩ ቆሞ ስሙን ራሱ እንዲያነብ ይደረግ። ለዚህ ኮምፒዩተርም ገንዘብም አያስፈልግም፤ አንድ ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል።

ይህን የምጽፈው ኮምፒዩተር ሁሉን ያደርግልናል ከሚሉት ወገን ሆኜ አይደለም። መኪና የታዘዘውን ይደግማል፤ ስሕተትም ከታዘዘ ስሕተቱን ሳይደክም ይደግማል። የሰው ሥራ መለየት ነው። ለጸሓፊው ሃያኛው ደብዳቤ የሆነው ወረቀት፣ በበራፉ ለቆመው ሰው አንዱና ብቸኛው ደብዳቤው ነው። በቁልፍ ያተረፍነውን ጊዜ የዚያን ሰው ስም በትክክል ለማንበብ ብናውለው፣ ደመወዛችንን የሚከፍለው ሕዝብ የሚገባውን አገኘ ማለት ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ በዚህ ነገር ላይ የተሻለ አሳብ ያላቸው አንባብያን፣ ይልቁንም በየመዝገብ ቤቱና በየጽሕፈት ክፍሉ ያሉ ባልደረቦቼ፣ አሳባቸውን በዚሁ ዐምድ ቢያካፍሉን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ